ኮሚቴው እስኪቀመጥ

ተረት ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ በሩን ዝጉልኝ። በር ያለው ሰው በሩን ሲዘጋ ልብ አይለውም። ይሁኔ ግን ልብ ይለው ነበር።

ይሁኔ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው፤ ተማሪው በየዓመቱ በሚበዛበት አንድ ዩኒቨርሲቲ። ሚስቱ በወሊድ ሞተች፤ ልጅቱ ተረፈች። ስሟ ማስተዋል ነው፤ ሰባት ወር ሆኗታል። አያቷ እማማ ጥሩዬ ይጠብቋታል፤ ጡጦ ግን ከአባቷ እጅ ካልሆነ አትይዝም። ስለዚህ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አዝለው ያመጡለታል። ይሁኔ ብሎክ ሦስት ደረጃ ሥር ቁጭ ብሎ ያጠባታል። ዓይኗ ክድን ሲል ተማሪው ከላይ ደረጃውን እየደበደበ ይወርዳል። ልጅቱ ትባንናለች፤ ታለቅሳለች።

የፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ በር ያለው ክፍል፣ ለአንድ ሰዓት።

ከደረጃው አጠገብ ሰባት ቁጥር የሚባል ጠባብ ክፍል አለ። በሩ ላይ «ለጊዜው የወንበር ማስቀመጫ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይሁኔ የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ዘርይሁን ዘንድ ሄደ።

«ወንድሜ፣ ብለቅልህ ደስታዬ ነው» አሉት። «ግን ስልሳ የተሰበረ ወንበር ምን ላድርገው? ራሴ ላይ ልሸከመው? አናጢው ቤት አላስገባ አለኝ።»

እንግዲህ ወንበሩ አልተነሣም፤ ክፍሉ አልተለቀቀም፤ ልጅቱ አልተኛችም።

ይሁኔ ወደ አናጢው ሄደ። አናጢው ጋሽ በየነ ከዩኒቨርሲቲው አናጢ ቤት ደጅ ዛፍ ሥር ጣውላ ይልጋሉ። በራቸው ላይ «ለጊዜው የፈተና ወረቀት ማስቀመጫ» ይላል።

«እኔ ራሴ ውጭ ነኝ፣ አይታይህም?» አሉ። «የአሥር ዓመት ፈተና ነው የተከመረብኝ። ያለፈውም የወደቀውም እዚህ ተኝቷል። ያልተኛች ያንተ ልጅ ብቻ ናት።»

እንግዲህ ወረቀቱ አልወጣም፤ ወንበሩ አልተነሣም፤ ክፍሉ አልተለቀቀም፤ ልጅቱ አልተኛችም።

ወረቀቱ የሬጅስትራር ነው። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ሙላቷ ነገሩን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «የኔ ጌታ፣ ወረቀቴን ብመልስ እኔም በወደድኩ። ግን ክፍሌ ውስጥ ስድስት የሕግ መምህር አስገቡብኝ። ለጊዜው ነው አሉኝ። ይኸው ሁለተኛ ዓመታቸው!»

ከስድስቱ አንዱ፣ ዶክተር ነጋሲ፣ ከውስጥ ሰሙ። «እኛስ ወደን ነው እንዴ? ቢሯችንን ግድግዳውን አፍርሰው የአንደኛ ዓመት መማሪያ አደረጉት። ሕግ እያስተማርን መብታችንን አላስከበርንም፤ ሳቅብን።»

ይሁኔ አልሳቀም። መምህሩ አልተመለሰም፤ ወረቀቱ አልወጣም፤ ወንበሩ አልተነሣም፤ ክፍሉ አልተለቀቀም፤ ልጅቱ አልተኛችም።

መማሪያው ውስጥ ዘጠና ልጆች አሉ። አለቃቸው ሀያት የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። «አባባ፣ እኛ ብንወጣ አንጠላም» አለችው። ይሁኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ አባባ መባሉ ደነቀው። «አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ነው የምንማረው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ክርኑን ይሰበስባል። ያውልዎት፣ አዲሱ ሕንፃ አልቆ ተቆልፏል።»

አዲሱ ሕንፃ ደጅ ዘበኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሕንፃው ገና ርክክብ አልተደረገለትም። ተረካቢ ኮሚቴው አልተቀመጠም።»

እንግዲህ ኮሚቴው አልተቀመጠም፤ ሕንፃው አልተከፈተም፤ ተማሪው አልወጣም፤ መምህሩ አልተመለሰም፤ ወረቀቱ አልወጣም፤ ወንበሩ አልተነሣም፤ ክፍሉ አልተለቀቀም፤ ልጅቱ አልተኛችም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሪት ትርሲት ናት። ይሁኔ ደክሞት ነበርና አጭር አደረገው።

«ኮሚቴው ለምን አልተቀመጠም?»

«በምን ላይ ይቀመጥ?»

«እንዴት?»

«ወንበር የለማ! የስብሰባ ክፍሉ ሰባት ወንበሮች ብሎናቸው ላልቶ አንዱ የዲኑን ሱሪ ቀደደ። ለጥገና ላክናቸው፤ በዚያው ቀሩ።»

«ከሌላ ቢሮ ተዋሱ።»

«ወንበር የተረፈው ቢሮ ካገኘህ ንገረኝ።»

«ቆማችሁ ፈርሙ እንግዲህ።»

ትርሲት በድንጋጤ አየችው። «ቃለ ጉባኤው እኮ 'ኮሚቴው ተቀምጦ' ብሎ ነው የሚጀምረው። ቆመን ተቀመጥን ብለን እንዋሽ?»

ይሁኔ ቀስ ብሎ «ወንበሮቹ የት ነው የተላኩት?» አለ።

«ብሎክ ሦስት፣ ደረጃው ሥር። ሰባት ቁጥር።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይጮኻል። ይሁኔ ግን ካቻቪቴ አመጣ። ከአቶ ዘርይሁን ቁልፉን ተቀበለ። ከስልሳው ወንበር ውስጥ ሰባቱን አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣ። ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት፣ ልጅቱን አጥብቶ ለአያቷ ከሰጠ በኋላ፣ ብሎን አጠበቀ። ልጅቱ ካቻቪቴው ሲንቋቋ እያየች ማልቀስ ረሳች። መተኛት ግን አልተኛችም። በአራተኛው ቀን ወንበሮቹን ተሸክሞ ወሰደ።

ኮሚቴው ተቀመጠ። እውነት ተቀመጠ፤ አንድም ሱሪ አልተቀደደ። ኮሚቴው ቢቀመጥ ሕንፃው ተከፈተ፤ ሕንፃው ቢከፈት ተማሪው ወጣ፤ ተማሪው ቢወጣ መምህሩ ተመለሰ፤ መምህሩ ቢመለስ ወረቀቱ ወጣ፤ ወረቀቱ ቢወጣ ወንበሩ ተነሣ፤ ወንበሩ ቢነሣ ክፍሉ ተለቀቀ።

ይሁኔ ክፍሉን ጠርጎ ፍራሽ አነጠፈ። ስድስት ሰዓት ላይ ከእማማ ጥሩዬ ጋር ሲደርሱ አቶ ዘርይሁን በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፈው ሄደዋል። «ለጊዜው የሕፃን ማስተኛ» ይላል።

ይሁኔ ደሙ ፈላ። «ለጊዜው! ደግሞ ለጊዜው!» ቃሏን ሊሰርዝ እስክሪብቶ አወጣ።

«ተወው ልጄ» አሉ እማማ ጥሩዬ። «ሕፃንነትስ ቢሆን ለጊዜው አይደል?»

ይሁኔ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሚስቱ ትዝ አለችው። ልጅቱን ተቀብሎ ገባ።

ተማሪው ደረጃውን እየደበደበ ወረደ። በሩ ተዘግቷል። ልጅቱ ተኛች።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ መልሱት።