ስሟን የሚያውቀው ድምፅ

ምእመናን፣ እስቲ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጡና አንድ ጊዜ እዩት። አትደንግጡ፣ ልቆጣችሁ አይደለም። አጥፉትም አላልኩም፤ ብላችሁስ መቼ ታጠፉታላችሁ! አይታችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ኩላሊቱን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ከርሟል። ሐኪም ቤቱ የቀዶ ሕክምና ቀን ቆርጦለታል፤ ሰኞ ይገባል። የሕክምናው ገንዘብ ግማሹ እሷ ስልክ ላይ ነው፤ ላሟን ከነጥጃዋ ሸጣ ያስገባችው። ሌላው ግማሽ ማኅበርተኞቿ ያዋጡት ነው፤ እሱ በማኅበሩ ገንዘብ ያዥ በእትዬ ዘውድነሽ ስልክ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ዘውድነሽ ጎረቤቷ ናቸው፤ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነው። ሁለቱ ግማሾች ካልተገናኙ ሰውየው አይታከምም። ይህን ያዙልኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ልብስ ታጥባለች። ስልኩ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው።

«ወለተ ሐና» አለ ድምፁ።

ልብ አላችሁ? ሰው ሁሉ በሚያውቀው ስሟ አይደለም የጠራት። በክርስትና ስሟ ነው! ይህን ስም ማን ያውቀዋል? የንስሐ አባቷ፣ ባሏ፣ ማኅበርተኞቿ። ከዚያ ውጪ ለማንም ነግራ አታውቅም። እናቷ «የክርስትና ስምሽን ለባዕድ ከሰጠሽ መተት ይሠሩብሻል» እያሉ ነው ያሳደጓት። እና አሁን ከዝናቡ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ከተወለደች ጀምሮ የሚያውቃት ይመስል፣ ቀስ ብሎ ጠራት።

«ማን ልበል?»

«አባ ነኝ ልጄ፣ ከገዳም ነው። ስምሽ በጸሎት ላይ መጣብኝ። ባልሽ ኩላሊቱን ነው አይደል? ሰኞ ነው አይደል የሚገባው?»

ተንበረከከች። ምእመናን፣ ውኃው ላይ ተንበረከከች! እናንተስ ብትሆኑ? አትሳቁባት።

«መንገዱን የሚዘጋ ነገር ታይቶኛል» አለ ድምፁ። «አሁን ስልክሽ ላይ ቁጥር ይመጣል። አንብቢልኝ፣ እጸልይበታለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ። ለባልሽም፣ ለንስሐ አባትሽም። ከተናገርሽ ጸሎቱ ይፈርሳል።»

ስልኩ ነዘረ። መልእክቱ መጣ። ከቁጥሩ ሥር «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ይላል። አላነበበችውም እንዳትሉ፣ አንብባዋለች። ግን በልቧ «ይሄ የተባለው ለሌባ ነው እንጂ ለአባት ነው እንዴ!» አለች። እኛም እኮ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለናል።

ልታነብለት አፏን ከፈተች። ግን ካህን ስታናግር ያደገችበት ልማድ ቀደማት።

«አባ፣ አስቀድመው ይፍቱኝ።»

መልሱን ታውቁታላችሁ። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ካህን ይፍቱኝ ሲሉት፣ እንቅልፍ ላይም ቢሆን፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላል። አስቦ አይደለም የሚለው፤ አፉ ራሱ ይለዋል።

ድምፁ ዝም አለ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ሌሎቹን የሰማቻቸው። ከድምፁ ኋላ ብዙ ድምፆች አሉ። ሁሉም ቀስ ያሉ፣ ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ። «ገብረ መድኅን… አባ ነኝ ልጄ…» ይላል አንዱ። «ኃይለ ጊዮርጊስ… ስምህ በጸሎት ላይ መጣብኝ…» ይላል ሌላው። ከጥግ አንዱ ደግሞ «አጸደ ማርያም… ለማንም እንዳትናገሪ…»

«እሺ፣ እሺ» አለ ሲያናግራት የነበረው ድምፅ ተመልሶ። «ቁጥሩን ንገሪኝ። ፍጠኚ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ተመስገን አላችሁ አይደል? እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። አጸደ ማርያም የማን ስም ነው? የእትዬ ዘውድነሽ ነው! ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች። ታዲያ ለምን አልሮጠችም? አፈረች፣ ወገኖቼ። ልትታለል ምንም ያልቀራት መሆኗ አሳፈራት። «ሞኝ ተብዬ ማኅበር ላይ መሣቂያ ልሁን? አጸደ ማርያም የምትባል ስንት አለች» አለች። ልብሱን ጨምቃ አሰጣች። ፊቷን ታጠበች። ተቀመጠች።

ተቀምጣ ሳለ ትዝ አላት። በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ «በጸሎት አስቡን» ብላ የክርስትና ስሟን፣ የባሏን ሕመም፣ የሕክምናውን ቀን፣ ስልክ ቁጥሯን ሳይቀር የጻፈችው ራሷ ናት። እትዬ ዘውድነሽም ከሥሯ የራሳቸውን ጽፈዋል። ለእናቷ ቃል ስትል ከባዕድ የደበቀችውን፣ ማን እንደሚያነበው በማታውቀው ቦታ ዘርግታዋለች።

ያን ጊዜ ሮጠች። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። እትዬ ዘውድነሽ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው የደስታ እንባ ያፈሳሉ።

«ነይ፣ ነይ እልል በይ!» አሉ። «አንድ አባት ደወሉልኝ። ለማንም አትናገሪ ብለውኝ ነበር፤ ላንቺ ግን እንዴት እደብቃለሁ? ለባልሽ ጸለዩለት እኮ!»

ሴትዮዋ ስልኩን ከጭናቸው ላይ አንስታ አየችው፤ ቁጥሩን አንብበውለታል፣ የማኅበሩ ገንዘብ የለም። የራሷን ግማሽ አዳነች፤ ግማሽ ገንዘብ ግን የቀዶ ሕክምና ክፍል አያስከፍትም። ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ። ሰውየው ዛሬም ሌላ ወረፋ እየጠበቀ ተኝቷል።

ምእመናን፣ ሌባው ስማችሁን ቢያውቅ ምን ይደንቃል? እናንተው ነግራችሁታል። አንዱ በስልክ አባት ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው በኢሜይል መሥሪያ ቤት ሆኖ «እዚህ ጋ ንኩ» ይላችኋል። አንዱ ያስፈራራችኋል፣ ሌላው ይባርካችኋል። ሁሉም ግን ያቻኩላችኋል። ሁሉም «ለማንም አትናገሩ» ይላችኋል። ለመሆኑ የትኛው አባት ነው ከንስሐ አባታችሁ ደብቁ የሚላችሁ? የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚፈልግ ጸሎትስ የት አለ? ዝጉት። አንድ ቃል ሳትጨምሩ ዝጉት።

መዝጋቱ ግን የሚያድነው እናንተን ብቻ ነው። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎለት፣ አፍሮ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተነፈሰ ሰው አለ። አለ፤ ዓይናችሁን ስታሸሹ እያየሁ ነው። እባካችሁ ከዚህ በር ሳትወጡ አጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩት። ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ። አሁን እየደወሉለት ይሆናል።