የተጠማው ጅብና የጉድጓዱ ጠባቂ

አንድ ጊዜ ዝናብ ሁለት ክረምት ሙሉ ቀረና ወንዙ ደረቀ። አራዊቱ ተሰብስበው በወንዙ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ጅብ ብቻ «እኔ አጥንት ልሰብር እንጂ አፈር ልዝቅ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጥላ ሥር ተኛ። አንበሳም ተቆጥቶ «ያልቆፈረ አይጠጣም!» ሲል ደነገገ፤ ውሸት የማታውቀውን አህያንም ጠባቂ አደረጋት። ለእያንዳንዱ ቆፋሪ በቀን አንድ ቅል ውሃ ትሰጣለች፤ ለራሷም አንድ ቅል ትቀዳለች።

በሰባተኛው ቀን ጅብ ምላሱን አንጠልጥሎ እየተሳበ መጣ።

«እመት አህያ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ! መሞቴ ነው።»

አምና እህቷን የበላባት እሱ ነው። እንዲህ ሲሰቃይ ስታየው መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላላት አፈረች። ግራ ቢገባት ተራ ወደሚጠብቁት ዞረችና «እባካችሁ፣ ምን ላድርግ?» አለች።

«ሕግ ሕግ ነው» አለ በሬ። «ዛሬ ሰነፍ ካጠጣሽ ነገ ማን ይቆፍራል?»

«እውነትህን ነው።»

«እፊትሽ ወድቆ እያየሽው ውሃው በጉሮሮሽ ይወርዳል?» አለች ሚዳቋ።

«አንቺም እውነትሽን ነው።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። «እኔ የማየው መጨረሻውን ነው። ቢሞት ስንቶቻችን እንተርፋለን? ቢድንስ ስንቶቻችንን ይበላል?»

«ይሄም እውነት ነው» አለች አህያ። ራሷ ዞረ። ሦስቱም እውነት ከሆኑ የቱን ትያዝ?

ጅብ ዓይኑ ተገለበጠ። አህያ የራሷን ቅል አንስታ ጎድጓዳ ድንጋይ ላይ አፈሰሰችለትና ወደ ኋላ ሸሸች። «ሕጉን አልሻርኩም፤ ይሄ የእኔ ድርሻ ነው» አለች።

ጅብ ጠጥቶ ነፍስ ሲዘራ ከላይ እስከ ታች ቃኛት። «በዚህ ድርቅ እንዴት እንዲህ ወፈርሽ?»

ቀበሮ ፈጥና ጣልቃ ገባች። «አያ ጅቦ፣ እሷን ተዋት። ከጉድጓዱ ሥር የዝሆን አጥንት ተቀብሯል ሲባል አልሰማህም?»

ጅብ ዘሎ ገባ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆፈረ፣ ቆፈረ። አጥንት የለም፤ ውሃው ግን ገንፍሎ ወጣ።

«አጥንቱስ?» አለ ከነጭቃው።

«ትንሽ ቀረህ፣ ነገ ቀጥል» አለችው ቀበሮ።

አራዊቱ በደስታ ውሃ ሲራጩ አህያ ቀበሮን ወደ ዳር ወሰደቻት። «ዋሸሽው እኮ!»

«ውሃውስ ውሸት ነው?»

አህያ ዞር ብላ በጭቃ የተለወሰውን ጅብ አየችው። ጅብም ቆፋሪ ሆነ ማለት ነው፤ ከነገ ጀምሮ በሕጉ መሠረት የእህቷን ገዳይ በገዛ እጇ ልታጠጣው ነው። መልካም ሠርታ ይሁን ክፉ ሳይገባት፣ ደፋ ብላ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ ትክክሉ የቱ እንደሆነ ግራ ሲገባንም የሌላውን ሳንነካ ከራሳችን ድርሻ መራራት እንደምንችል ነው።