ሰባት ብረት የደረበው ታንክ

ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ያየችውን ሁሉ የምትቆጥር አንዲት አሮጊት ኤሊ ነበረች። ክረምት ገብቶ ጎርፍ ሳይወስዳት የዋልካውን ሜዳ አቋርጣ ኮረብታው ላይ መድረስ ነበረባት፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ጅብ ያደባል። ከሜዳው ዳር አንድ ግዙፍ ታንክ አገኘች።

«እማማ፣ በዚህ እርምጃዎ መስከረም ይጠባብዎታል! ይልቅ ጀርባዬ ላይ ይውጡ። እኔን እንኳን ጅብ፣ መድፍም አይበሳኝም» አላት።

ኤሊዋ ዙሪያውን ዞራ አየችው። «ስንት ጊዜ ተመታህ፣ ልጄ?»

«ሰባት ጊዜ። በተመታሁ ቁጥር፣ የተመታሁበት ላይ አንድ ወፍራም ብረት ይደርቡልኛል።»

«ይህን ሁሉ ብረት ለሚሸከመው እግርህስ ስፋት ጨመሩለት?»

ታንኩ ሳቀ። «እግሬን ማን መታውና!»

ኤሊዋ ዝናብ ያራሰውን አፈር በእግሯ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው። «በል አንተ ቅደም። እኔ እንደለመድኩት አዘግማለሁ» አለችው።

ጅብ በመጣ ቁጥር ራሷን ወደ ውስጥ እየሰበሰበች፣ ሜዳውን በሦስት ቀን ተሻገረች። ከኮረብታው ላይ ዞር ብላ ስታይ፣ ከጭቃው በላይ የቀረው የታንኩ አፈሙዝ ብቻ ነበር።

«እማማ!» እያለ ይጣራል፤ «ኧረ ማነው የመታኝ?»