አያ ደምለውና የኔ የሠላሳ ዓመት ቅናት

እንደማታምኑኝ በዚህች በቀረችኝ አንዲት ጥርሴ እምላለሁ። ብትወልቅም ትውለቅ! እኔ ራሴ በዓይኔ ያየሁትን አንዳንድ ቀን አላምነውም፤ እናንተማ እንዴት ታምኑኛላችሁ? ግን ቁጭ በሉ። እዚያ ጥግ ያለኸውም ጠጋ በል፤ አልነክስህም። በምኔ ልንከስህ?

ዱሮ ነው። ወንዛችን ገና ቁልቁል መውረድ ሲለማመድ፣ ጅብ ሰውን «እንዴት አመሸህ» ብሎ ሲያልፍ፣ ድንጋይ እንደ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ነው። «ጫኔ፣ አንተ ያኔ ነበርክ እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ነበርኩ። ጢም ሁሉ ነበረኝ።

በዚያ ዘመን በእንኮይ በር መንደር አያ ደምለው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። በሬ የለውም። መሬት የለውም። ጎጆው ያዘነበለች ናት፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጎረቤት እየሮጠ ይደግፍለታል። ያለው አንድ ማሲንቆና አንድ ቅል ቀለም ነው። ማሲንቆውን ሲጫወት ላም ጥጃዋን ረስታ ትመጣለች። ሙሽሮች ሲጋቡ ደግሞ የጫጉላ ቤታቸውን ግድግዳ በቀይ አፈር፣ በከሰልና በእንቁላል አስኳል ይስልላቸዋል። አንድ ጊዜ አውራ ዶሮ ሳለ። የመንደሩ ሴት ዶሮዎች ሦስት ቀን ግድግዳው ሥር ተሰልፈው ዋሉ። እንቁላልም ጣሉ። ከዚያ እንቁላል የተፈለፈሉት ጫጩቶች እስኪያድጉ ድረስ አፈር አፈር ይሸቱ ነበር።

እኔስ? እኔ የእንኮይ በር ቀልደኛ ነበርኩ። ከደምለው በፊት ያለ እኔ ሰርግ አይሞቅም። ገና ስገባ «ጫኔ መጣ!» ይባላል። ሽንጡ ለኔ ይቆረጣል። አሮጊት ሳትቀር ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ደምለው ማሲንቆውን ይዞ ብቅ ያለ ቀን «ጫኔ መጣ» የሚል ጠፋ። «ጫኔ፣ እስቲ ጠጋ በልለት» ተባልኩ። ጠጋ አልኩ። «ትንሽ ጨምርለት» ተባልኩ። ጨመርኩ። ጠጋ ጠጋ ስል ከዳሱ ውጪ ራሴን አገኘሁት፤ ከአህዮቹ ጋር።

ቀናሁ። አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ። ሆዴ ከመንደዱ የተነሳ ሚስቴ አንጓች ጭድ ከአጠገቤ ታርቅ ነበር። ገንዘብ አልፈለግሁም፣ ከብት አልፈለግሁም። ሰዉ እሱን የሚያይበትን ዓይን ወደ እኔ እንዲመልስልኝ ብቻ ነው የፈለግሁት። ስለዚህ ልጥለው ተነሳሁ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፣ ሦስቴ።

የመጀመሪያው የአንድ ባለ ብዙ ከብት ልጅ ሲዳር ነው። የማሲንቆ ጭራ በሙጫ ካልታሸ አይጮህም። ይህንን ምስጢር የነገረኝ ራሱ ደምለው ነው፤ የዋህ ነዋ! ታዲያ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ትሪው ላይ ሲደፋ እኔ በደረቴ ተሳብኩ። ማሲንቆውን አነሳሁ። ጭራውን ከላይ እስከ ታች በቅቤ ለወስኩት። ደጋኑንም ለወስኩት። ጣቴን ላስኩና ቦታዬ ተመለስኩ።

ደምለው ተነሳ። ደጋኑን ሳበ። ዝም። ገፋ። ዝም። ቅቤ የጠገበ ማሲንቆ ምን ብሎ ይጩህ! እኔ ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን አላቆመም። ዓይኑን ጨፈነ። ደጋኑን ሳብ ገፋ፣ ሳብ ገፋ ያደርጋል፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰዉ ለመስማት ብሎ ዝም አለ። ልጆች ዝም አሉ። ውሻው ዝም አለ። ዝምታው እየበዛ፣ እየበዛ ሄዶ ከሁለት ወንዝ ማዶ እህል የምትፈጭ ሴት ወፍጮዋ ተሰማ። ጉንዳን ሲያስነጥስ ተሰማ። ከዚያማ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዘፈን በሆዱ ውስጥ ሰማ። አንዱ እናቱ እሹሩሩ ስትለው ሰማ። አንዷ የሞተ ባሏ ከእርሻ ሲመለስ የሚያንጎራጉረውን ሰማች። ዳሱ በሙሉ አለቀሰ። እንባው ወርዶ ወርዶ ሦስት ጋን ጠላ አቀጠነ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ! «እንዲህ ያለ ዘፈን ከተፈጠርን ሰምተን አናውቅም» ተባለ።

ሲወጣ በአጠገቤ አለፈና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ጫንዬ፣ ቅቤውን ለአንጓች ፀጉር ብታደርገው ይሻል ነበር» አለኝ።

ይኸው ነው። ለማንም አልተናገረም። እንዲያውም የባሰኝ ይሄ ነው። በሰው ፊት ቢያዋርደኝ ምን ነበረበት? ጠላት አድርጌ በያዝኩት ነበር።

ሁለተኛው የጭቃ ሹም ሞላልኝ ልጅ ሲያገባ ነው። ጭቃ ሹም ማለት የመንደሩ ሹም ነው። እኒህ ሰውዬ ሲያስነጥሱ ሰው ግብር የተጨመረ መስሎት ይሸሻል። ደምለው በጫጉላው ቤት ግድግዳ ላይ ሹሙን በበቅሎ አስቀምጦ ሳላቸው። አምረው ነበር። በቅሎዋ እንኳ ኮርታለች። እኔ ቅናቴ አላስቀምጥ አለኝ። ከሰል ይዤ ገባሁና በሹሙ ራስ ላይ ሁለት የአህያ ጆሮ ተከልኩ። ረጃጅም። ጥሩ አድርጌ።

ሹሙ ሥዕሉን ሊያዩ መጡ። አጃቢው ተከተለ። እኔ ከሰው ሁሉ ፊት ቆምኩ፤ የደምለውን ውድቀት ከቅርብ ላየው። ሹሙ ግድግዳውን አዩ። ጆሯቸው ቀላ። የራሳቸው ማለቴ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ።

ደምለው ግድግዳውን አየ። ከዚያ የኔን እጅ አየ። እጄ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራለች። ከጀርባዬ ደበቅኳት።

«ጆሮ ነው፣ ጌታዬ።»

«የማን ጆሮ?»

«የእርስዎ። የሌላ አገር ሹም ጆሮው አጭር ነው፤ ድሃ ደጁ ላይ ቆሞ ሲጮህ አይሰማም። የኛ ሹም ግን ከሩቅ ይሰማሉ ለማለት ነው።»

ሹሙ ጢማቸውን አሹ። እኔ ጅራፉን ጠበቅሁ።

«ታዲያ ምነው አሳጠርከው!» አሉ። «ጨምር እንጂ!»

ጨመረ። ጆሮው ጣሪያውን ነካ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድሃ «አቤት» ባለ ቁጥር ሹሙ «አልሰማሁም» ማለት አልቻሉም፤ ግድግዳው ይመሰክርባቸዋላ! መበለቷ መሬቷን አስመለሰች። ወሰኑ የተገፋበት ወሰኑን አገኘ። ሰዉ ሁሉ ደምለውን መረቀ። ጆሮውን የሳልኩት እኔ! ምርቃቱ ለእሱ! እናንተ ብትሆኑ አትቀኑም? ተዉ እንጂ፣ እውነቱን ተናገሩ።

ስንለያይ ደግሞ፣ «እጅህ ይከብዳል፣ ጫንዬ» አለኝ። «ለሌላ ጊዜ የከሰሉን ጫፍ ቀጠን አድርገው።»

ሦስተኛው የራሴን ልጅ፣ ብርቄን ስድር ነው። ደምለው አርጅቷል። ታሟል። ከመደቡ አይነሳም። በአፌ «እግዜር ይማረው» አልኩ። በሆዴ «ዳሱ የኔ ሆነ» አልኩ። «በልጄ ሰርግ ማሲንቆ አይገባም! ሰዉን ብቻዬን አጫውታለሁ!» ብዬ አወጅኩ።

«ተው አንተ ሰው» አለች አንጓች። «የልጅቱን ቀን አታበላሽባት።»

አልሰማኋትም። የሹሙ ጆሮ የለኝ!

ቆምኩ። የዝንጀሮውን ቀልድ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። የአለቃውንና የፍየሉን ቀለድኩ። አንድ ሽማግሌ አዛጋ። በገዛ ራሴ ላይ ጠላ ደፋሁ። «አይ ጠላ!» አለ አንዱ አዝኖ። የሙሽራው ወገን እርስ በርሱ ተያየ። በኛ አገር ሰርጓ ያልሞቀላት ሙሽራ ትዳሯ አይሞቅላትም ይባላል። ብርቄ አንገቷን ደፋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እስክስታ አልነበረም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለኔ ክብር ብዬ የልጄን ቀን በላሁት።

እንዲህ ስል አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ደምለው አለ። ከሰውየው የቀረው ጢሙና ማሲንቆው ነው። ክብደት የሚባል ስለሌለው ነፋስ እንዳይወስደው በመጫኛ አስረውታል።

«ጫኔ» አለኝ። «ሰዉ ቀዝቅዟል። እኔም ድምፄ ሄዷል። ስደበኝ።»

«አያ ደምለው፣ ምን አልከኝ?»

«ሠላሳ ዓመት በሆድህ ያጠራቀምከውን አውጣው። ካለቀ በኋላ እኔ ማሲንቆዬን እመታለሁ።»

አወጣሁት! «አንተ የነፋስ ራት!» አልኩት። «ጎጆህ እንኳ አንተን ላለማየት ፊቷን ያዞረች! ማሲንቆህ አንድ ጭራ፣ አንተ አንድ ሱሪ!» አንድ ሰው ፈነዳ። «ቅቤ ብቀባህ ዘፈንክ! ሹሙን አህያ ባደርግልህ ጻድቅ አድርገህ መለስክልኝ! መርዝ ባበላህ ትወፍራለህ!» ሰዉ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሹሙ ራሳቸው መቋሚያቸውን ጥለው ሳቁ። የዳሱ ምሰሶ ሳቀና ተሰነጠቀ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። «አንተ በአንዲት ጭራ አገር ታስለቅሳለህ! እኔ በዚህ ሁሉ ምላስ ሚስቴን እንኳ አላሳቅኋት!» አንጓች ከሁሉ በላይ ሳቀች። ዓይኔን ጠረግሁ። ላብ ነው።

ደምለው ደጋኑን ሳበ። ድምፁ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ግን ሁላችንም ሰማነው።

«ሰው ሁሉ አጨብጭቦ፣ ዘፈን ሲያልቅ ረሳኝ፤
ቀንቶ የማይተኛው ጫኔ ነው ያነሳኝ።»

ብርቄ ብድግ አለች። ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ይሄኛው እስክስታ ነበር። ሰርጉ ሞቀ። የዳሱ ቅጠል እስኪጠወልግ አይደለም፣ እንደገና እስኪያቆጠቁጥ ተጨፈረ።

ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በእንኮይ በር አዝማሪ ሳይሰደብ የማይዘፍነው። ማሲንቆውን ይዞ ይቆማል። አንድ ሰው ይነሳና ከልቡ ይሰድበዋል። አዝማሪው «ለአያ ደምለው ይድረስ» ይልና ይጀምራል። የማያውቅ እንግዳ አዝማሪ አንዳንዴ ይቆጣል፤ ማሲንቆውን አንስቶ ልሂድ ይላል። እኛም «ጭራ በሙጫ፣ አዝማሪ በስድብ» እንለዋለን። ሲገባው ይቀመጣል።

ደምለው ከዚያ ሰርግ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ኖረና ሞተ። ለቅሶውን ደግሞ ጨርሶ አታምኑኝም። የሰባት ደብር ሕዝብ መጣ። ከሰዉ ክብደት የተነሳ ተራራው በአንድ ክንድ ዝቅ አለ። ሹሙ በእግራቸው መጡ። ግድግዳ የሳለላቸው ሙሽሮች ሁሉ፣ ያረጁትም የወለዱትም፣ ከየቤታቸው ግድግዳ ቀይ አፈር እየፋቁ በእፍኛቸው ይዘው መጡና መቃብሩ ላይ በተኑት። መቃብሩ የሰርግ ቤት መሰለ።

እኔ ጉብታ ላይ ቆሜ ደረቴን እደቃለሁ። ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ በዚህስ አትጠርጥሩኝ። ግን ዓይኔ ሰዉን ማየት ጀመረ። ከዚህ ጫፍ ያየዋል፣ ከዚያ ጫፍ ያየዋል፣ አያልቅም። እጄ ደረቴ ላይ ቀረ። እንባዬ ቆመ። አፌ ተከፈተ። ይሄ ሁሉ ሰው ለአንድ ሰው? ለኔስ ስንቱ ይመጣ ይሆን? በሆዴ ነው ያልኩት፤ ትንፍሽ አላልኩም። አንጓች ግን ፊቴን ታውቀዋለች። ቄሶቹ ፍትሐት ላይ እያሉ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ባለበት፣ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ይዛ ጮኸች፦

«ኧረ ያዙልኝ! ይሄ ሰውዬ ለቅሶው አምሮት ሊሞት ነው!»