ሽማግሌ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ

«አንድ ቀን አይበቃም» አሉኝ ዶክተር ይግረማቸው፣ አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መብራቱ እያዞሩ። «ለፊተኛው ጉድለት ልክ ወስጄ ጥርሱን አሠራለሁ፤ እሱ ማክሰኞ ይደርሳል። የመንጋጋው ግን ዛሬውኑ መከፈት አለበት። ለመሆኑ ይህን ማን ነው የሞላልዎት?»

ልመልስ ስል ትንሿን መስተዋት አስገቡ። የጥርስ ሐኪም ጥያቄ የሚያምረው ታካሚው መመለስ በማይችልበት ሰዓት ነው። በጣቶቻቸው መሀል ባገኘኋት ክፍተት፣ የተሞላው ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መሆኑን ነገርኳቸው፤ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት። ከዚያ ወዲህ አሳይቼው እንደማውቅ ጠየቁኝ። አላሳየሁም። ረዳታቸው ሲስተር ጉዳይነሽ የምራቅ መምጠጫዋን ቱቦ እንደያዘች ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እኔ ደግሞ ጥርስ የሚያስፈልገኝ ለእሑድ ነው።

ምክንያቱን ልናገር። አቤኔዘር የእህቴ ልጅ ነው። ረድኤት ከምትባል ልጅ ጋር ከተዋደዱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ረድኤት የዶክተር ይግረማቸው ልጅ ናት። አዎ፣ አገጬን የያዙት ሰውዬ ልጅ። ከእኛ ቤት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮላቸዋል። በመጀመሪያው ዘመድ ላማክር አሉ። በሁለተኛው፣ ልጁን አላውቀውም፤ የሚያውቀው ሰው ይምጣና ይንገረኝ ብለው መለሱ። ረድኤት ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ባይ ናት፤ ሦስተኛው ሽምግልናም ከከሸፈ ይብቃን ብላዋለች። አቤኔዘር ይህን ሲነግረን ድምፁ ተሰበረ።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ አንደበት ያለው ሰው ፈለገ። ዓይኖች ሁሉ እኔ ላይ አረፉ። እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጋዜጣ አጭር ጽሑፍ እጽፋለሁ፤ አዘጋጁም ይበልጥ ያሳጥረዋል። እኛ ቤት ግን ይህም አንደበተ ርቱዕ ያሰኛል። እሺ አልኩ። ሰው ሲያሞግሰኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

ማታውን መስተዋት ፊት ቆሜ ንግግሬን ስለማመድ ጉዱ ታየኝ። የፊት ጥርሴ ከጎደለ ሦስት ዓመት አልፎታል። የጎደለውም በሽምግልና ሳይሆን በጎረምሳነት ነው፤ አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ለወጣቶች የቢራ ጠርሙስ በጥርስ እንዴት እንደሚከፈት ላሳይ ስል። ወጣቶቹ መክፈቻ ይዘው ነበር። እስካሁን ጉድለቱ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ የሚጽፍ ሰው ጥርስ ምን ያደርግለታል? አሁን ግን «ስለ ልጃችን ስንል» ብዬ ስጀምር መስተዋቱ ፊት የቆመው ሰው አፏጨ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ አፏጨ። ልጅቷን ለማግኘት ሲል በአጥር ዙሪያ የሚያፏጭ ጎረምሳ አይጠፋም። የሚያፏጭ ሽማግሌ ግን አባቷ ዘንድ ማን ይልካል?

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት የጥርስ ሐኪም እያለ እዚህ፣ ሳሪስ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ያለች ክሊኒክ መምጣቴ እንግዲህ በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። ብልጠት ነው። ሰውዬው አያውቁኝም። ጥርሴንም አሠራለሁ፣ የሰውዬውንም ጠባይ አስቀድሜ አጠናለሁ፣ እሑድም ጠንቅቄ በማውቀው ሰው ፊት እቆማለሁ። በእኔ ቤት ስለላ መሆኑ ነው። ሰላይ አፉን በልቅጦ በጀርባው ተንጋሎ እንደማይሰልል የገባኝ ወንበሩ ወደኋላ ሲዘረጋ ነው።

ማደንዘዣውን ወጉኝ። ግማሽ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ። ከዚያ መሰርሰሪያው ጮኸ።

ዶክተር ይግረማቸው ሥራ ላይ ወሬ ይወዳሉ። አሮጌው ሙሌት እየተፈረፈረ ሲወጣ፣ ከሥሩ የተሰወረውን ነገር ለሲስተር ጉዳይነሽ እያሳዩ፣ ላዩ ብረት ሆኖ ውስጡ ዋሻ እንደሆነ፣ ሰው አንዴ አስሞልቶ ከረሳው እንዲህ እንደሚሆን አስተማሯት። እሷም አየች። ብዙ አየች። ከዚያ ጨዋታው ወደ ቤታቸው ዞረ። እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ይመጣብኛል አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ። ያለፈው ጊዜ የመጡት አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ስለ ልጁ ሲጠየቁ ስለ ራሳቸው የጦር ሜዳ ቁስል አውርተው መሄዳቸውን ነገሯት። የእሑዱ ደግሞ ጸሐፊ ነው ይባላል፤ እንግዲህ እሱ ምን እንደሚያወራ ገምቺ አሏት።

ሲስተር ጉዳይነሽ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ግማሼ ሳቀ።

«ልጅቷ ትወደዋለች ይሉኛል። እኔ ግን ልጁን ማን እንዳሳደገው እንኳ የነገረኝ የለም» አሉ፤ እጃቸው አንጓቸው ድረስ አፌ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እስቲ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይሰጣሉ?»

መቼም ይህን የመሰለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። አዎ፣ እሰጣለሁ፣ ዓይኔን ሳላሽ እሰጣለሁ ልል ነው። የወጣው ግን «ኧኧ» ነው።

ዶክተሩ ቀና ብለው ሲስተር ጉዳይነሽን አዩዋት። እሳቸውም አይሰጡም፣ ሰምተሻል አሏት። በአነጋገራቸው የአንድ ገለልተኛ ሰው ምስክርነት ያገኘ ሰው እፎይታ ነበር።

አቤኔዘር ታየኝ። የተሰበረ ድምፁ ተሰማኝ። የላከው ሽማግሌ ሁለት ቀን ቀድሞ ሄዶ፣ ተንጋሎ፣ በራሱ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ሊመለስ ነው። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ከአፌ አወጣሁና፣ በተሰነካከለ ምላስ ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። የእሑዱ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ኧኧ ማለቴም አዎ ማለቴ ነው። ከመጣሁ አይቀር ደግሞ ጉዳዬን እዚሁ ሰምተው በጎ ቃል ቢሰጡኝ፣ እሑድ ለምርቃት ብቻ እንመጣለን።

መሰርሰሪያው ቆመ። ከታች ካለው ዳቦ ቤት የመጋገሪያ ድምፅ ይሰማል።

«ሽማግሌ ልጅ የሚጠይቀው ቆሞ ነው» አሉ ዶክተሩ በመጨረሻ። «ተቀመጥ እንኳ ሲባል፣ ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም ይላል። ተኝቶ የጠየቀኝ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

ትክክል ናቸው። ተነሣሁ። ወንበሩ ግን ወዲያው አልለቀቀኝም፤ ሲስተር ጉዳይነሽ ፔዳሉን ረግጣ ቀና እስክታደርገኝ ድረስ እንደተገለበጠ ጥንዚዛ ታገልኩ። ቆምኩ። ደረቴ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የወረቀት መሐረብ አለ፤ ጉንጬ ውስጥ ጥጥ አለ፤ የደነዘዘው ከንፈሬ በኩል ምራቅ መንገድ ጀምሯል። እጄን ወደ ፊት አጣምሬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብዬ ጀመርኩ። ሲስተር ጉዳይነሽ ቱቦዋን እንደ ማይክሮፎን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

ስለ ትምህርቱ ተናገርኩ፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ጨዋነቱ ተናገርኩ። «ስለ» ባልኩ ቁጥር አፏጨሁ። ዶክተሩ ግን አልሳቁም። ጓንታቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ በጥሞና ያዳምጣሉ። ይህ አበረታኝ። እየሰሙኝ ነው፣ እየቀለጡ ነው አልኩ በልቤ። አሁን የቀረው ዋስትናው ነው፤ ልጁን የሚያውቅ ሰው ይምጣ ያሉትን የሚዘጋው ቃል።

እዚህ ላይ ማንም የሰፈር ሽማግሌ «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው ያሳደግሁት» ብሎ ይጨርሰው ነበር። አባቶቻችንም ይህንኑ እየተባለላቸው አግብተዋል፣ ይህንኑ እያሉም አጋብተዋል። እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ። ያረጀ አባባል ከአፌ ከሚወጣ ብሞት እመርጣለሁ። አዲስ ነገር ፈለግሁ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ቦታው ራሱ ቃሉን ሰጠኝ። በኩራት ቀና አልኩና፣

«ዶክተር፣ ስለ ልጁ አይጠራጠሩ። እኔው ነኝ ያሳደግሁት፤ የገዛ ጥርሴን እንደምጠብቅ ጠብቄ ነው ያሳደግሁት» አልኩ።

ዶክተር ይግረማቸው ሁለተኛውን ጓንት ወደ ቅርጫቱ ጣሉ።

«እንዲያ ከሆነ» አሉ፣ «ልጁንም ከፍቼ ሳላየው አልሰጥም።»

ሲስተር ጉዳይነሽ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔም ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ጉዳዩን ከተናገረ በኋላ መቀመጥ ይችላል። ዶክተሩ አዲስ ጓንት አጠለቁ፤ ዋሻውን አጸዱ፤ ለጊዜው በሚሆን ነገር ደፈኑት፤ ለፊተኛው ጥርስ የሚሆነውን ልክ በሮዝ ሊጥ ወሰዱ። እህቴን ምን እንደምላት አሰብኩ። አቤኔዘርንስ? ሽማግሌህ እሑድን መጠበቅ አቅቶት ዓርብ ዕለት አበላሸው ልበለው? ኮሎኔሉ እንኳ ቢያንስ ቤታቸው ድረስ ሄደው፣ ቆመው፣ ልብስ ለብሰው ነው የተመለሱት።

ሲስተር ጉዳይነሽ የማክሰኞውን ቀጠሮ በካርድ ጽፋ ሰጠችኝ። ዶክተሩ እስከ በሩ ሸኙኝ። ለታካሚ ይሁን ለሽማግሌ፣ አልገባኝም። ደፉ ላይ ስደርስ አልቻልኩም፤ ዞሬ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጁ እንዳልሆነ፣ በእኔ አፍ ልጁን እንዳይመዝኑት ለመንኳቸው። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሳላስብበት የተናገርኩት ይህን ብቻ ነበር።

የበሩን እጀታ እንደያዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጁን እኮ አውቀዋለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ረድኤትን ሲያደርስ በር ላይ ሰላም ይለኛል። ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ አንድም እንከን የለበትም። እንዲህ ያለ ጥርስ ከልጅነት ጀምሮ ጠዋትና ማታ የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ እርስዎ ነዎት?»

የደነዘዘው ከንፈሬ መዋሸት አልቻለም።

«እናቱ ናት» አልኩ። «እኔ ከረሜላ አምጪው ነበርኩ።»

«እንግዲያው እሑድ እሷን ይላኩልኝ» አሉ። «እርስዎ ማክሰኞ።»

በሩን ዘጉት።