በገዛ ስልኩ አንደኛ የወጣ ሱቅ

አንድ ማንንም በቀላሉ የማያምን የፍለጋ ግብይት ባለሙያ ነበር። ስሙ ይድነቃቸው ይባላል። የሚሠራው ሐዋሳ ውስጥ የውኃ ፓምፕ ለሚሸጡ አቶ ላንቃሞ ለሚባሉ ነጋዴ ነው። ሥራው ሰው ኢንተርኔት ላይ «የውኃ ፓምፕ» ብሎ ሲፈልግ የአቶ ላንቃሞ ሱቅ ከሌሎች ሁሉ በላይ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ወደ አለቃው ቢሮ ይገባል፣ ስልኩን አውጥቶ ፊታቸው ይፈልጋል፣ ከዚያም «አንደኛ ነን ጋሼ» ይላል። አቶ ላንቃሞ መነጽራቸውን አስተካክለው ያያሉ፤ የሱቃቸውን ስም ከላይ ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል።

ይድነቃቸው በሙያው ከሚዘጋጁ ጉባኤዎች አይቀርም። ሌሎቹ የሚሄዱት ሰው ለመተዋወቅ ነው፤ እሱ ግን ውሸት ለመያዝ ይሄድ ነበር። ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። መድረክ ላይ የሚታየው ግራፍ ሽቅብ ሲወጣ ጎኑ ላይ ቁጥር መኖሩን ያያል፤ ብዙውን ጊዜ አይኖርም። «የዓመቱ ምርጥ» የሚለው ሽልማት ለማን እንደተሰጠ ይመለከትና ያ ድርጅት በአዳራሹ ትልቁን የማስታወቂያ ቦታ የተከራየው መሆኑን ይደርስበታል። ምሥጢሬን በነፃ እነግራችኋለሁ ያለው ተናጋሪ ሰዓቱ ሲያልቅ የቀረው ምሥጢር ክፍያ በሚጠየቅበት ሥልጠና ላይ እንደሚነገር ያስታውቃል። ይድነቃቸው ይህን ሁሉ አይቷል፤ ያየውም ትክክል ነበር። ጥርጣሬው በማስረጃ የቆመ ስለነበር በሙያው ውስጥ የሚፈራ ሰው ሆነ።

አንድ ቀን አቶ ላንቃሞ ቢሮአቸው ጠሩት።

«የሻሸመኔውን ቅርንጫፍ ሱቅ ልዘጋው አስቤአለሁ» አሉ። «ስድስት ሰው ቁጭ ብሎ በር የሚጠብቅበት ነው። እኛ ኢንተርኔት ላይ አንደኛ ከሆንን በር ለምን ያስፈልገናል? ያፌት የሚባል ሰውዬ አዲስ አበባ ጉባኤ ላይ ይህንኑ ሊናገር ነው አሉ።»

«ሰውየው ሻጭ ነው ጋሼ።»

«ሻጭማ እኔም ነኝ። አንተም ደመወዝ የምትበላው ከሻጭ ነው። ሂድና አዳምጠው። ስትመለስ ንግግር እንዳታደርግልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?»

የሻሸመኔ ሠራተኞች ይህን አያውቁም ነበር።

ጉባኤው የተካሄደው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። በር ላይ ስም የተጻፈበት ባጅና የጨርቅ ቦርሳ ይታደላል። ይድነቃቸው እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ከጎኑ የተቀመጠችው ረድኤት የምትባል ሴት የአንድ የጥርስ ክሊኒክ የዲጂታል ግብይት ኃላፊ ነች። በየጉባኤው ይገናኛሉ።

«ዛሬስ ማንን ልታስለቅስ ነው?» አለችው።

«ገና አልተናገረም።»

ያፌት መድረክ ላይ ወጣ። አለባበሱ ጥሩ፣ ድምፁም ጥሩ ነበር። በር ያለው ሱቅ ሞቷል አለ። ደንበኛ ከእንግዲህ በእግሩ አይመጣም፣ በጣቱ ነው የሚመጣው አለ። ከዚያ ስልኩን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝቶ «የቢሮ ወንበር» ብሎ ፈለገ። ደንበኛው የሆነውና ያፌት የሚያስተዋውቀው ድርጅት አንደኛ ሆኖ ወጣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው የእውነት ነበር። የተጨበጨበለትን ነገር ግን ማንም አላጣራም።

ይድነቃቸው በራሱ ስልክ «የቢሮ ወንበር» ብሎ ፈለገ። የያፌት ደንበኛ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለም። ወደ ረድኤት ዞረ። እሷም ፈለገች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘችው።

ጥያቄ ሲፈቀድ ይድነቃቸው እጁን አነሳ።

«አቶ ያፌት፣ ያሳዩን በራስዎ ስልክ ነው። ይህንኑ በሌላ ሰው ስልክ ቢደግሙልን።»

«ወንድሜ፣ ስልኬን ነው የምትጠራጠረው?»

«ስልክዎ ችግር የለበትም። የደንበኛዎን ድረ ገጽ በየቀኑ ይከፍታሉ። መፈለጊያው አዘውትረው የሚከፍቱትን ያስታውሳል፤ የሚወዱትን ከላይ ያመጣልዎታል። ወንበር የሚገዛው ሰው ግን የእርስዎ ስልክ የለውም።»

ረድኤት ሳትጠየቅ ስልኳን ይዛ ወደ መድረኩ ሄደች። ስልኳ ከስክሪኑ ጋር ተገናኝቶ «የቢሮ ወንበር» ተፈለገ። አንደኛ የወጣው ሌላ ድርጅት ነበር፤ ሁለተኛውም ሌላ፤ እስከ ገጹ መጨረሻ ሌላ ነበር። ያፌት «ኔትወርኩ ነው» አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «ወንበሩን የወሰደው ኔትወርኩ ነው» ሲል አዳራሹ ሳቀ።

በምሳ ሰዓት ሰዎች ይድነቃቸውን ትከሻውን እየነኩ አለፉ። አድራሻ የሰጡት ነበሩ። በሚቀጥለው ጉባኤ አንተ ተናገር ያሉትም ነበሩ። ከጉባኤ ደስ ብሎት የተመለሰበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ደስ አለው። ለአቶ ላንቃሞ የሚሰጠው ቃል እጁ ላይ ነበር፤ ሰውየው ዋሽቷል፣ ስለዚህ አይዘጋ።

ረድኤት ሳህኗን ይዛ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የእናንተስ?» አለችው።

«የእኛ ምን?»

«ሱቃችሁ። ስንተኛ ነው የሚወጣው?»

«አንደኛ።»

«በማን ስልክ?»

ይድነቃቸው እንጀራውን ቆርሶ አልጎረሰውም። «እኛ ሐዋሳ ነን» አለ። «ከዚህ ብትፈልጊ ውጤቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። መፈለጊያው ያለሽበትን ከተማም ያያል።»

«እሺ። ኔትወርኩ ነው በለኛ።»

የተናገረው ነገር በሙያው ትክክል ነበር፤ ሐዋሳ ላይ የሚወጣው አዲስ አበባ ላይ ላይወጣ ይችላል። ግን ጥያቄውን አይመልስም። ይህን ያወቀው ራሱ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ትክክለኛ ነገር ተናግሮ ሲያመልጥ ይዟልና።

ተነስቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሐዋሳ ለምትኖረው እህቱ ደወለ። ነርስ ነች፤ በሕይወቷ ፓምፕ ፈልጋ አታውቅም።

«ስልክሽ ላይ ‹የውኃ ፓምፕ› ብለሽ ፈልጊና የሚወጣውን አንብቢልኝ።»

«ፓምፕ ልትገዛልኝ ነው?»

«አንብቢልኝ ብቻ።»

አነበበች። አንድ ስም፣ ሌላ ስም፣ ደግሞ ሌላ ስም። የአቶ ላንቃሞ ሱቅ አልነበረበትም።

«ጨረስኩ» አለች። «ሌላ ገጽ ልክፈት?»

«ክፈቺ።»

እዚያም አልነበረም። ሌላ ገጽ ልክፈት ወይ ብላ ስትጠይቀው ይበቃል አላት። አንድ ምስክር አይበቃም ብሎ ሐዋሳ ላለ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛው ደወለ። እሱም ያንኑ ዓይነት ስም ዝርዝር አነበበለት።

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ይድነቃቸው የሱቁን ድረ ገጽ ጠዋት ይከፍታል፣ ማታ ይከፍታል። ስልኩም የለመደውን ያሳየዋል። በየወሩ ለአለቃው ያቀረበው «አንደኛ ነን» የሚለው ቃል ስለ ገበያው ሳይሆን ስለ ይድነቃቸው ልማድ የሚናገር ነበር። ያፌት መድረክ ላይ አንድ ጊዜ ያደረገውን እሱ በአንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት አድርጎታል። የሻሸመኔው ሱቅ ሊዘጋ የታሰበውም በያፌት ንግግር ብቻ አልነበረም። ዋናው ምክንያት የእሱ ስልክ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሐዋሳ ሲመለስ ሻሸመኔ ላይ ወረደ። የሱቁ ኃላፊ ወይዘሮ ከድጃ በር ላይ አገኘችው።

«ከስብሰባ ምን አመጣህልን? ያው ቦርሳ ነው?»

«ያው ቦርሳ ነው።»

«ባለፈው ያመጣኸው እኮ እጀታው ተበጥሷል። ትልልቅ ሆቴል ተሰብስባችሁ ቦርሳ መስፋት አልቻላችሁም?»

ቦርሳውን ሰጣት። ከዚያም ማታ ሱቁ እስኪዘጋ እዚያው ተቀምጦ የገባውን ደንበኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይህን ሱቅ እንዴት አወቁት? ከኮፈሌ የመጣ ገበሬ «ጎረቤቴ የገዛው እዚህ ነው፤ ሲበላሽበት እዚሁ ጠገኑለት» አለ። አንድ ኮንትራክተር ከመንገዱ ሰሌዳውን አይቶ ነበር የገባው። አንዲት ሴት የሞተ ፓምፕ በባጃጅ አስጭና መጥታ «ወይዘሮ ከድጃን የማያውቅ ማን አለ?» አለችው። ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው ያለ አንድ ወጣት ነበር። ይድነቃቸው የምን ድረ ገጽ ብሎ ሲጠይቀው ወጣቱ የተፎካካሪያቸውን ስም ጠራ፤ የእነሱ ዕቃ ስላለቀ ነበር ወደዚህ የመጣው።

ወይዘሮ ከድጃ ስታየው ቆይታ ቀረበችው።

«ስለ እኛ የተወራ ነገር አለ?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ድሮ መጥተህ ሻይ እንኳ አትጠጣም ነበር። ዛሬ የገባውን ሁሉ እንደ ፖሊስ ትጠይቃለህ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰው ሊባረር ሲል ነው የሚመጣው።»

ይድነቃቸው «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብሎ ተነሳ። የመጨረሻውን መኪና ይዞ ሄደ።

ከሻሸመኔ ሐዋሳ መንገዱ አጭር ነው፤ ለማሰብ ግን በቃው። አቶ ላንቃሞ የፈለጉት አንድ ቃል ነው። «አይዘጋ» ቢል ቃሉ ትክክል ነው። ስድስቱ ሰዎች ሥራቸው ላይ ይቆያሉ። ያፌት ውሸታም መሆኑ ይነገራል፤ ያም እውነት ነው። እሱም በወሩ መጨረሻ ስልኩን ይዞ ይገባል፣ አንደኛ ነን ይላል። ማንም አይጎዳም። በየጉባኤው የተቃወማቸው ተናጋሪዎች ከንግግራቸው በፊት ለራሳቸው የሚሉት ይህንኑ ሳይሆን እንደማይቀር አሰበ። አዲሱ ጥርጣሬው ይህ ነበር፤ የመጣውም ወደ ራሱ ነው።

ጠዋት ቢሮ ገባ።

«እህ» አሉ አቶ ላንቃሞ። «አንድ ቃል።»

«አይዘጋ።»

«ጥሩ። ሰውየው ምን ሆነ?»

«በራሱ ስልክ ፈልጎ አንደኛ ነኝ አለ። በሌላ ሰው ስልክ ሲፈለግ የለም።»

አቶ ላንቃሞ ሳቁ። «ያዝከዋ።»

እዚህ ላይ መውጣት ይችል ነበር። አልወጣም።

«ጋሼ፣ ከጎን ካለው ፋርማሲ ስልክ ተውሰው የእኛን ይፈልጉ።»

ነጋዴው አዩት። ወደ ፋርማሲው ወጡ። ፋርማሲስቷ «የአቶ ላንቃሞም ካርድ ያልቃል እንዴ?» እያለች ስልኳን ሰጠቻቸው። እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈለጉ። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ፣ ደግሞ ወረደ። ስልኩን መልሰው ቢሮ ሲገቡ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከጅምሩ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩም።»

«የሰውን ግን ትጠይቃለህ። በጥያቄህ የታወቅህ ሰው ነህ።»

«የሰውን እጠይቃለሁ።»

አቶ ላንቃሞ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሊያባርሩት እንደሚችሉ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«እኔም አልጠየቅኩም» አሉ በመጨረሻ። «ስልክ ሞልቶልኛል፤ ሚስቴ ስልክ አላት፣ ጠባቂው ስልክ አለው። ያንተን ብቻ ነበር የማየው፤ ያንተ ነበር ደስ የሚለኝ።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ቀጠሉ። «ከነገ ጀምሮ ቢሮህ ሻሸመኔ ነው። ከወይዘሮ ከድጃ ሥር ትሠራለህ። ልታስዘጋው የነበረውን ሱቅ ሰሌዳውን ትጠርጋለህ፣ ደንበኛውን ትቀበላለህ። ከየት እንደመጣ ስታውቅ ኢንተርኔቱን እንደገና ትጀምራለህ።»

ይድነቃቸው ሄደ። ደረጃው ዝቅ ብሏል፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። ሱቁ አልተዘጋም፣ ስድስቱም ሠራተኞች ምን እንዳለፋቸው ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው ጉባኤ ተናገር ብለው የጋበዙት ሰዎች ሲደውሉለት አልመጣም አለ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ገና የማቀርበው ነገር የለኝም ብሎ መለሰ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ሰውን አትጠራጠሩ የሚል አይደለም። ያፌት መጠርጠር ነበረበት፤ ቁጥር የሌለው ግራፍም መጠርጠር አለበት። ነገር ግን ወደ ውጭ ብቻ የሚመለከት ጥርጣሬ ጥንቃቄ አይባልም፤ ሌላ ዓይነት መመጻደቅ ነው። የጠላነውን ወሬ ሁላችንም እናጣራለን። ሳይጣራ የሚያልፈው የወደድነው ነው፤ ጉዳት የሚያደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የምንለምደው ነገር ሁሉ፣ መሣሪያ ይሁን ወዳጅ ወይም የበታች ሠራተኛ፣ ቀስ በቀስ የሚያስደስተንን ማወቅ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚነግረን ያንኑ ነው።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ሰሞኑን ስለ ራስህ ወይም ስለ ሥራህ ሰምተህ ደስ ያለህን አንድ ነገር አስታውስ። የነገረህ ማን ነበር? ደስ የማይልህን ቢነግርህ ኖሮ ሊያጣ የሚችለው ነገር ነበረው?