ሰኞን የምትጠብቅ ልጅ

አንዲት ልጅ ነበረች። የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። ስሟን አልናገርም፤ ልጄ ናት፣ ትቆጣኛለች።

ቀን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ ስትቀመጥ ወገቧን ያዛት፤ ራሷንም አዞራት። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የደም ምርመራዋን አይቶ፣ "ስኳርሽ ድንበሩ ላይ ነው። በየቀኑ ካልተንቀሳቀስሽ ይሻገራል" አላት።

እህቶቼ፣ ይህን ስሰማ አባቷ ትዝ አለኝ። እሱን የወሰደብን ስኳር ነው። አስቀድሞ የወሰደው ግን ዐይኑን ነበር። ከመጽሐፍ ጋር የምትኖር ልጅ ያለ ዐይን ምን ትሆናለች?

ስኒከር ገዛች። ሰኞ ጠዋት ሶምሶማ ሮጠች፤ ማክሰኞም ሮጠች። ረቡዕ መምህሯ "ምዕራፍ ሁለትን አስተካክለሽ አምጪ" ስላላት ቀረች። ሐሙስ "ተነሺ እንጂ" ብላት፣ "እማዬ፣ ይሄ ሳምንት ተበላሽቷል። ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ" አለችኝ።

ሰኞ መጣ፤ ጀመረች። ረቡዕ ቀረች። ደግሞ ሰኞን ጠበቀች። እንዲህ እንዳለች ሁለት ወር ሄደ። በመጨረሻ ስኒከሩን አልጋዋ ሥር ከተተችው። "ወይ ትምህርቱ ወይ ጤናው ነው። ሁለቱን አልችልም" አለች።

ምን ላድርግ? ጸለይኩ። ለመንኳት። ተቆጣኋት። "አንቺ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንሽው?" ትለኛለች።

አንድ ጠዋት ማንበብ ወደምማርበት ወደ ጎልማሶች ትምህርት ልሄድ ስል የማንበቢያ መጽሐፌ ጠፋብኝ። እሷ አገኘችልኝ። ገለጥ ገለጥ አደረገችና ሳቀች።

"እማዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ምን ሆኖ ነው? ፊት ፊቱ አልቋል፤ ኋላው ገና ዛሬ የተገዛ ይመስላል።"

"ለቅሶ ሲኖር፣ ሰው ሲታመም እቀራለሁ" አልኳት። "ከቀረሁ ደግሞ ረስቼዋለሁ ብዬ ከሀ እጀምራለሁ።"

"እንዲህማ መቼም አትጨርሺውም። እኛ ሥራ ቤት መጻሕፍቱ ቦታቸውን እንዳልሳቱ መደርደሪያ በመደርደሪያ ነው የምናየው። አንድ ቀን ከቀረን ካቆምንበት እንቀጥላለን። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ብንነሳ፣ መጨረሻ መደርደሪያ ላይ ቦታውን የሳተውን መጽሐፍ ማን ያገኘዋል? ቤት ውስጥ እያለ ጠፋ ማለት እኮ ነው።"

ይህን ስትል ሰኞዋ ትዝ ያላት መሰለኝ። መጽሐፌን ሰጠችኝና ወደ አልጋዋ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ስኒከሩን ጎተተች። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

"ሥራ አይረፍድብሽም?" አልኳት።

"ሩብ ሰዓት አለኝ። አንቺም ዛሬ ሀን እንዳትነኪ።"

ወገኖቼ፣ ድናለች አልላችሁም። የሚቀጥለው ምርመራዋ በሚመጣው ወር ነው፤ እኔ አሁንም እፈራለሁ። ጽሑፏም አላለቀም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀርታለች። ግን በሦስተኛው ቀን ወጣች፤ ሰኞም አልነበረም።

እናንተስ? ጸሎት አቋርጣችሁ "ጾም ሲገባ እጀምራለሁ" የምትሉ የላችሁም? ከእህታችሁ ጋር ልትታረቁ አንድ ቀን ደውላችሁ፣ ስላላነሳች "ለበዓል" ብላችሁ የተዋችሁ የላችሁም? ከሀ ጀምሩ ያለን ማን ነው? እግዚአብሔር አላለንም። እኔ ወደ መጀመሪያው ገጽ የምመለሰው ከትጋት ይመስለኝ ነበር። እፍረት ነው። የቀረሁበትን ቀን ለማየት አፍሬ ነው።

አሁን ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነኝ። ያለፍኩት እንዳይጠፋብኝ እየፈራሁ ነው የምገልጠው። ግን እገልጣለሁ።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ሰኞ መሆኑን አውቃለሁ። እባካችሁ፣ አትጠብቁት።